እንስሳዬ ታሟል፣ ገንዘቡ ግን የለኝም፦ በአሜሪካ ለምንኖር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በአሜሪካ ለሚኖሩ፣ ውሻ ወይም ድመት ላላቸውና የሕክምናው ዋጋ ከአቅማቸው በላይ ለሆነባቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹን የሰበሰብኳቸው በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ስሠራ ነው። አብዛኞቹ የሚመጡት ዘግይተው፣ ሰዎች ክሊኒኩን ለቀው ሊወጡ ሲሉ ነው። ቀደም ብለው ቢጠየቁ ኖሮ መልሳቸው ሌላ ይሆን ነበር።

የድንገተኛ ሕክምና ሆስፒታሉ ገንዘብ ባይኖረኝም እንስሳዬን ማከም ግዴታው አይደለም?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚደናገረው የሰውን ሆስፒታል አስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ የሰው ድንገተኛ ክፍሎች የመጣላቸውን ሕመምተኛ የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ቢያንስ ከአደጋ እስኪወጣ ድረስ እንዲረዱ ያስገድዳል። ለእንስሳት እንዲህ ያለ የፌዴራል ሕግ የለም። የእንስሳት ሆስፒታሎች በአብዛኛው የግል ድርጅቶች ናቸው፤ ከመንግሥት የሚተካላቸው ገንዘብም የለም። ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ቅድመ ክፍያ ይጠይቃሉ።

ከምርመራው በኋላ የሚሰጥዎት ወረቀት የዋጋ ግምት ነው። ከላይ ወደ ታች የምርመራ ክፍያ፣ የደም ምርመራ፣ ራጅ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ የሌሊት ክትትል እያለ ይዘረዝራል። በስተቀኝ ሁለት ዓምዶች አሉ፤ አንዱ ዝቅተኛውን፣ ሌላው ከፍተኛውን ዋጋ ያሳያል። ከታች የፊርማ ቦታና የሚጠየቀው ቅድመ ክፍያ አለ። ይህ ወረቀት ሐኪሙ ተመራጭ ነው ብሎ ያቀረበው ዕቅድ ነው እንጂ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። እያንዳንዱ መስመር ሊጠየቅበት ይችላል።

ገንዘብ እንደሌለኝ መቼ ነው መናገር ያለብኝ?

ገና ሲገቡ። ሐኪሙ እንስሳውን ከማየቱ በፊት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

የኛ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው። የዋጋ ግምቱ ሲቀርብለት ፊቱ ይለወጣል፣ ወረቀቱን ያጥፋል፣ «እሺ፣ ተመካክረን እንደውላለን» ብሎ ይወጣል። አይደውልም። ሐኪሙም ሰውየው ሕክምናውን አልፈለገም ብሎ ያስባል። በመካከል ሌላ አማራጭ ነበረ፤ ይሉኝታ አላስጠየቀም እንጂ። እባክዎን ይህን አያድርጉ። በዚህ አገር የእንስሳት ሐኪም በየቀኑ የሚያወራው ስለ ገንዘብ ነው፤ አቅም የለኝም ማለት ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም።

የሚናገሩትም የተድበሰበሰ አይሁን። «ውድ ነው» ማለት ሐኪሙን አይረዳውም። ቁጥር ይናገሩ፦ «ዛሬ ማውጣት የምችለው 400 ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ ምን ማድረግ ይቻላል? የግድ ዛሬ መደረግ ያለበት የትኛው ነው? የትኛውስ መቆየት ይችላል?» ከዚያ ለእያንዳንዱ ምርመራ አንድ ጥያቄ ያክሉ፦ «የዚህ ምርመራ ውጤት የሚሰጡትን ሕክምና ይለውጠዋል?» ውጤቱ ምንም ይሁን ምን የሚሰጠው መድኃኒት ያው ከሆነ፣ ምርመራውን ትቶ ገንዘቡን መድኃኒቱ ላይ ማዋል ይቻላል።

እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎት ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ወይም አዋቂ ጓደኛ በስልክ ያገናኙ። ልጆችን ግን አስተርጓሚ አያድርጉ። የ10 ዓመት ልጅ አብሮት የሚተኛውን ውሻ ዋጋ ለእናቱ እየተረጎመ፣ የእናቱን «አንችልም» መልሶ ለሐኪሙ ሲናገር ማየት በጣም ያሳዝናል። ልጁ ያንን ውሳኔ ራሱ የወሰነ ሆኖ ይሰማዋል።

ዋጋው የቀነሰ ሕክምና እንስሳዬን አይጎዳም?

ሁልጊዜ አይደለም። ሁለት ምሳሌ ልስጥ።

የመጀመሪያው ፓርቮ ነው፤ ያልተከተቡ ቡችሎችን በተቅማጥና በትውከት የሚገድል ቫይረስ። የተለመደው ሕክምና እንስሳውን ለቀናት አስተኝቶ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት ሲሆን ዋጋው በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ይህን በየቀኑ እየተመላለሱ ከሚሰጥ ሕክምና ጋር አነጻጸሩት፤ ፈሳሹ ከቆዳ ሥር ይሰጣል፣ ከእሱ ጋር ማስመለስ የሚከላከል መርፌና አንቲባዮቲክ። በ40 ውሾች ላይ በተደረገው በዚህ ጥናት ተኝተው ከታከሙት 90 በመቶ፣ ሳይተኙ ከታከሙት ደግሞ 80 በመቶ ዳኑ። ልዩነት አለ፤ ግን ምንም ሳይደረግለት ከሚቀር ቡችላ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ተስፋ ነው።

ሁለተኛው ሽንቱ የተዘጋበት ወንድ ድመት ነው። ተመራጩ ሕክምና በማደንዘዣ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) አስገብቶ ሆስፒታል ማስተኛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ግን ለዚህ አቅም በሌላቸው ባለቤቶች 15 ድመቶች ላይ ሌላ መንገድ ሞከረ፦ ማስታገሻና የሽንት ቧንቧን የሚያላላ መድኃኒት፣ ፊኛውን በመርፌ ማስተንፈስ፣ ጸጥ ያለና ጨለም ያለ ቦታ። 11 ድመቶች በዚህ መንገድ ሽንታቸው ወጣ። ሌሎቹ አልተሳካላቸውም፤ ስለዚህ ይህ ካቴተሩን የሚተካ ሳይሆን ሌላው መንገድ ሲዘጋ የሚሞከር ነው።

ይህን የምዘረዝረው እርስዎ ሐኪሙን እንዲያዝዙ አይደለም። «ተመላላሽ ሆኖ ሊታከም ይችላል?» ብለው ሲጠይቁ የማይረባ ነገር እየጠየቁ እንዳልሆነ እንዲያውቁ ነው።

ገንዘብ እስካገኝ ትንሽ ብጠብቅስ?

ለቆዳ ማሳከክ፣ ለቆየ ማነከስ፣ ለጥርስ ጽዳት መጠበቅ ይቻላል። የሚከተሉት ግን አይጠበቅባቸውም፦ አሸዋው ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ ሽንት የማይወጣለት ወንድ ድመት (በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊሞት ይችላል)፣ ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም የማይወጣው ትልቅ ውሻ፣ መተንፈስ ያቃተው፣ ድዱ የነጣ፣ መርዝ የበላ። ያልመከነች ሴት ውሻ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜዋ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብዙ ውኃ እየጠጣች ከደከመችና ፈሳሽ ካለባት ማህፀኗ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ያም ለነገ የሚባል አይደለም።

በመጠበቅ ላይ ሳሉ ደግሞ የራስዎን መድኃኒት አይስጡ። አንድ የታይለኖል ፍሬ ድመትን ሊገድል ይችላል፤ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ያበላሻል።

ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ክሊኒክ የት አገኛለሁ?

እንደየከተማው ይለያያል። በዴንቨር በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስፐር ግቢ እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የሚሠራ የእንስሳት ሆስፒታል አለ። በሚኒሶታ አኒማል ሂዩማን ሶሳይቲ፣ በቴክሳስ ኢማንሲፔት፣ በአትላንታ ላይፍላይን አኒማል ፕሮጀክት፣ በዋሺንግተን ዲሲ ሂዩማን ሬስኪዩ አሊያንስ ከመደበኛው ያነሰ ዋጋ ያለው አገልግሎት ሲሰጡ ቆይተዋል። በሲያትል ዶኒ ኮ የተባለው ክሊኒክ ቤት የሌላቸውንና እጅግ የተቸገሩ ሰዎችን እንስሳት በነጻ ያያል። በማሳቹሴትስ ወስተር ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ጋር በመሆን ለተቸገሩ ቤተሰቦች የከፈተው ክሊኒክ አለ።

ከመሄድዎ በፊት ደውለው ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦ የሚቀበሉት የየትኛውን አካባቢ ነዋሪ እንደሆነ፣ የገቢ ገደብ እንዳለው፣ በሽታ ያክሙ እንደሆነ ወይስ ክትባትና ማምከን ብቻ እንደሚሠሩ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ሩቅ መንገድ ነድቶ ባዶ እጁን እንዲመለስ ያደርገዋል።

በቴሌቪዥን የሚያዩት ኤኤስፒሲኤ የተባለው የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት በየከተማው ስማቸው ኤስፒሲኤ ከሆኑት ድርጅቶች ጋር አንድ አይደለም። እነዚያ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ ስለዚህ አንዱ «የለም» ስላለዎት ሌላውን ከመጠየቅ አይቦዝኑ። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች ሆስፒታሎችም «ተማሪዎች ስለሆኑ ርካሽ ናቸው» ይባላል፤ ሁሉም አይደሉም። ብዙዎቹ የልዩ ሐኪም ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ለተቸገሩ የተቀመጠ የእርዳታ ገንዘብ ስላላቸው መጠየቁ አይጎዳም።

የት እንደሚጀምሩ ካላወቁ 211 ይደውሉ። ይህ የማኅበራዊ አገልግሎት መረጃ መስመር ነው፤ ሲያነሱት አማርኛ አስተርጓሚ እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ።

ገንዘብ የሚሰጡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አሉ?

አሉ፤ ግን ሙሉውን ሂሳብ የሚሸፍን አይጠብቁ። ሬድሮቨር በአስቸኳይ ለሚያስፈልግ ሕክምና አነስተኛ ድጎማ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ 250 ዶላር አካባቢ ነው። ከቤት ውስጥ ጥቃት ሸሽተው ለሚወጡና እንስሳቸውን ትተው መሄድ ለማይፈልጉ ሰዎችም የተለየ ድጋፍ አለው። ፍራንኪስ ፍሬንድስ ሕይወትን ሊያድን በሚችል ሕክምና ላይ ያተኩራል። ዘ ፔት ፈንድ ደግሞ እንደ ልብ ሕመምና ካንሰር ላሉ አስቸኳይ ላልሆኑ ሕክምናዎች ነው። ቀደም ሲል ሂዩማን ሶሳይቲ ኦቭ ዘ ዩናይትድ ስቴትስ ይባል የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2025 ስሙን ሂዩማን ወርልድ ፎር አኒማልስ ያለው ድርጅት በድረ ገጹ ላይ በየግዛቱ ያሉ ረጂዎችን ዘርዝሯል። የጦር ሠራዊት አባል የነበሩና በሐኪም የታዘዘላቸው አገልጋይ ውሻ ያላቸው ደግሞ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤትን ይጠይቁ፤ ለውሻው ሕክምና ኢንሹራንስ ሊሰጥ ይችላል።

ሁሉም ማለት ይቻላል የሚጋሩት አንድ ደንብ አለ፦ አስቀድሞ የተከፈለ ወይም ሕክምናው ያለቀለትን ሂሳብ አይከፍሉም። ማመልከቻው መግባት ያለበት ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ነው፤ ገንዘቡም የሚላከው በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ነው። ስለዚህ የዋጋ ግምቱን እንደተቀበሉ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው በስልክዎ ያመልክቱ። በአንዱ ብቻ አይወሰኑ። 250 ከአንዱ፣ 200 ከሌላው፣ ክሊኒኩ ራሱ ለተቸገሩ ካስቀመጠው ገንዘብ ትንሽ ሲጨመር የቅድመ ክፍያውን ግማሽ ሊሞላ ይችላል። ብዙ ክሊኒኮች ሌሎች ደንበኞች የሚያዋጡበት እንዲህ ያለ ገንዘብ አላቸው፤ ካልተጠየቁ ግን አያነሱትም።

ምን ዓይነት ማስረጃ ይጠይቃሉ?

ምርመራውንና የታቀደውን ሕክምና የያዘውን የዋጋ ግምት፣ መታወቂያ፣ አድራሻዎን የሚያሳይ ደብዳቤ፣ የእንስሳውን ፎቶግራፍና የገቢ ማስረጃ። የፉድ ስታምፕ ወይም የሜዲኬይድ ካርድ ካለዎት ብዙዎቹ ለገቢ ማስረጃነት ይቀበሉታል። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዱ ከሆነ የመጨረሻውን የግብር ማመልከቻዎን ያዘጋጁ። እነዚህን ወረቀቶች ዛሬውኑ በስልክዎ ፎቶግራፍ አንስተው በአንድ ቦታ ያስቀምጡ።

እርዳታ ብቀበል የግሪን ካርድ ጉዳዬን ያበላሽብኛል?

የግል በጎ አድራጎት ድርጅት ለውሻ ሕክምና የሚሰጠው ድጋፍ የመንግሥት ጥቅማ ጥቅም አይደለም። በዚህ ፍርሃት ምክንያት እርዳታ ሳይጠይቁ የሚቀሩ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል። የኢሚግሬሽን ጉዳይዎ የተወሳሰበ ከሆነ ግን የሕግ ባለሙያዎን ያማክሩ።

ክሊኒኩ ኬርክሬዲት የሚባል ካርድ እንዳወጣ ነገረኝ። ላውጣ?

ሕይወት ሊያድን ይችላል፤ በደንብ ካላወቁት ደግሞ ዕዳ ውስጥ ይከታል። ኬርክሬዲት ለሕክምና ብቻ የሚያገለግል፣ በሲንክሮኒ ባንክ የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ ነው። ከ200 ዶላር በላይ ለሆነ ሂሳብ ለ6፣ ለ12 ወይም ከዚያ ለበለጠ ወራት «ያለ ወለድ» የሚባል አማራጭ ያቀርባል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወለዱ አልተሰረዘም፤ እየተቆጠረ ይቆያል። በተሰጠዎት ጊዜ ውስጥ ሙሉውን ከከፈሉ አይጠየቁም። የመጨረሻው ቀን አልፎ 50 ዶላር እንኳ ቢቀርዎት፣ ሂሳቡ ከተከፈለበት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የተጠራቀመው ወለድ በሙሉ ይጫንብዎታል፤ የወለዱ መጠንም ከተለመደው ክሬዲት ካርድ ከፍ ያለ ነው። በየወሩ የሚላክልዎት ዝቅተኛ ክፍያ ደግሞ ዕዳውን በጊዜው ለመጨረስ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለውን ትተው ራስዎ ያካፍሉት፦ 2,400 ዶላር በ12 ወር ከሆነ በየወሩ 200 ዶላር፤ ባንክዎ በራሱ እንዲከፍል ያዝዙት፤ የመጨረሻውን ክፍያም አንድ ወር ቀደም አድርገው ይጨርሱ። ይህን መክፈል እንደማይችሉ ከወዲሁ ካወቁ አይፈርሙ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ኬርክሬዲት ሰዎች ይህንን አሠራር በሚገባ ሳይረዱ እንዲፈርሙ በመደረጋቸው እስከ 34.1 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች እንዲመልስ አዝዞ ነበር። ስለዚህ ግራ ቢጋቡ እርስዎ ብቻ አይደሉም።

ስክራችፔይ የሚባለው ደግሞ ካርድ ሳይሆን ለአንድ ሂሳብ የሚሰጥ ብድር ነው። ከመፈረምዎ በፊት በጠቅላላ ስንት እንደሚከፍሉ አንድ ቁጥር ይጠይቁ። ክሊኒኩ ራሱ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ እንዲከፍሉ ይፈቅድ እንደሆነ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ በተለይ የቆዩ ደንበኛ ከሆኑ።

አሁን ኢንሹራንስ ብገባስ?

ለዛሬው ሕመም አይጠቅምዎትም። የእንስሳት ኢንሹራንስ ከመግባትዎ በፊት የነበረን ሕመም አይሸፍንም፤ ከገቡም በኋላ የመጠበቂያ ጊዜ አለው። በአብዛኛው ደግሞ መጀመሪያ እርስዎ ከፍለው ቆይቶ ነው የሚመለስልዎት። ለቡችላ ግን አስቡበት እላለሁ።

መድኃኒቱን ሌላ ቦታ በርካሽ መግዛት እችላለሁ?

አዎ፤ ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ቁጠባ ነው። ለእንስሳት የሚታዘዙ ብዙ መድኃኒቶች ለሰው የሚታዘዙት ራሳቸው ናቸው። ሐኪሙን የተጻፈ ማዘዣ ጠይቀው በዋልማርት ወይም በኮስኮ ፋርማሲ ማስሞላት ይችላሉ፤ እንደ ጉድአርኤክስ ያሉ የቅናሽ ካርዶችም ለእንስሳት በታዘዘው የሰው መድኃኒት ላይ ይሠራሉ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ለሰው የተዘጋጁ አንዳንድ ፈሳሽ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፈሳሽ ጋባፔንቲን፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ሊኖራቸው ይችላል። ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ነው። ፋርማሲስቱን «ይህ ለውሻ ነው፤ ዛይሊቶል አለበት?» ብለው ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

ከወገን ገንዘብ ብሰበስብ ሰው ምን ይለኛል?

አንዳንዱ «አገር ቤት ሰው እየተራበ ለውሻ?» ይላል። ይህን ፈርተው ብዙዎች ይተዉታል። እኔ የምለው ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን፣ ወይም ከሥራ ወደ ባዶ ቤት ለሚገባ ሰው እንስሳው የቤቱ ነፍስ መሆኑን የሚያውቅ ወገንም አለ። ለእሱ ይንገሩ።

ዕድር ብዙውን ጊዜ ደንቡ ለሐዘን ስለሆነ አይረዳዎትም። ዕቁብ ግን ይረዳል፤ ዕጣ ያልደረሰዎት ከሆነ ዳኛውን አነጋግረው፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ከፈቀደ ተራ መለዋወጥ የተለመደ ነው። ያለ ወለድ ከሚገኝ ገንዘብ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። በኢንተርኔት ከሆነ ጎፈንድሚ አለ፤ ዋግል የሚባለው ደግሞ ገንዘቡን በቀጥታ ለክሊኒኩ ስለሚከፍል ሰጪዎች ይበልጥ ያምኑታል። የዋጋ ግምቱን ፎቶግራፍ ያስገቡ፤ ስንት እንደጎደለም በግልጽ ይጻፉ።

ሁሉንም ሞክሬ ካልተሳካስ?

ሁለት መንገድ ይቀራል፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። አንዳንድ መጠለያዎች የታመመ እንስሳ ተረክበው ያክማሉ። ሲያስረክቡ ግን ባለቤትነትዎን ለቀቁ ማለት ነው፤ ከዳነም በኋላ የመመለስ መብት አይኖርዎትም። ከመፈረምዎ በፊት «ታክማላችሁ ወይስ በመርፌ እንዲሞት ታደርጋላችሁ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። መልሱን የማወቅ መብት አለዎት።

ሌላው ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ሥቃዩ የበዛበትንና ሊታከም የማይችለውን እንስሳ በዚህ መንገድ መሸኘት ጭካኔ አይደለም። መጠለያዎች ይህን ከግል ክሊኒክ ባነሰ ዋጋ የሚያደርጉበት ቦታ አለ። ቤት ወስዶ ራሱ እስኪሞት መጠበቅ ነው እንስሳውን የሚያሠቃየው።

አሁን ጤነኛ ነው። ከወዲሁ ምን ላድርግ?

መከላከሉ ላይ ያለው የዋጋ ልዩነት ትልቅ ነው። የፓርቮ ክትባት ከፓርቮ ሕክምና ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም። በብዙ ካውንቲዎች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጥባቸው ቀናት አሉ። ሴት ውሻን በዝቅተኛ ዋጋ ክሊኒክ ማምከን የማህፀን መግልን ያስቀራል። ቴክሳስ፣ ጆርጂያ ወይም ፍሎሪዳ የሚኖሩ ከሆነ በትንኝ ንክሻ የሚተላለፈውን የልብ ትል የሚከላከለውን ወርኃዊ መድኃኒት አያቋርጡ፤ ትሉ ከያዘው በኋላ ሕክምናው ተደጋጋሚ መርፌና ወራት የሚፈጅ ዕረፍት ይጠይቃል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚያየው ሐኪም ይኑረው። የማያውቁት ሐኪም የማያደርግልዎትን የክፍያ ፋታ የሚያውቅዎት ሐኪም ሊያደርግልዎት ይችላል።